ያልገባሁበት ቤት ሸኘኝ

ኑ ልጆቼ፣ ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ። በተለይ እናንተ ሴቶቹ።

የምነግራችሁ በሌላ ሰው የደረሰ፣ ከገበያ የሰማሁት ወሬ አይደለም። በእኔው በራሴ የሆነ ነው። ያላመነኝ አይመነኝ፣ አልቀየመውም። እኔም ከሰው ብሰማው ኖሮ አላምንም ነበር።

ቀኑ ያለፈው ዓመት የሐምሌ ሥላሴ ማግስት ነው። ሰዓቱ ቀትር፣ ስድስት ሰዓት ግድም።

ሌሊት አልነበረም። ቀን ነው... ብርሃን ነው። ጉም ብቻ ነበር።

ቦታው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ከጋፋት ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ነው።

እዚህ ቻናል ላይ ሴት ልጆች «ብቻችንን መንገድ ስንሄድ ምን እናድርግ?» እያላችሁ ስትጠያየቁ አየሁና ነው መጻፌ። እኔ ዘነበች እባላለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ያልረገጥኩት መንገድ የለም። እብናት ገበያ ድረስ በግ ነድቼ ብቻዬን ወርጄ ብቻዬን ተመልሻለሁ። ሰው ደፋር ናት ይለኛል። ድፍረት አይደለም፤ ደንብ ስላለኝ ነው።

በጊዜ እነሳለሁ። የምሄድበትን ለሰው ነግሬ እወጣለሁ። በመንገድ ያገኘሁትን ሁሉ ቀድሜ ሰላም እላለሁ፤ ሰላም ያልኩት ሰው አይቶኛል፣ ያየኝ ሰው ይመሰክርልኛል። በሰው ደጅ ሳልፍ ደግሞ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ!» እላለሁ። ማለፌን ይወቁት ብዬ።

የዚያን ቀን ከደንቤ አንድም አላጓደልኩም።

ይህን ልብ በሉልኝ... አንድም አላጓደልኩም።

ልጄ ሠናይት ከጋፋት ጀርባ ካለች መንደር ነው የተዳረችው። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ መንገድ ተዘግቶ ነበርና አጠገቧ አልነበርኩም። በደወለች ቁጥር «እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኛለች። ድምጿ ይሳሳል። 

ሕፃኑ ወንድ ነው። ገና ክርስትና አልተነሣም። አራስና ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን በእኛ አገር ብቻቸውን አይተዉም፤ ከራስጌያቸውም ብረት አይለይም። ማጭድ ይሁን ቢላ፣ ብቻ ብረት ይሁን። ከምን እንደሚጠብቃቸው አሁን በስሙ አልጠራውም።

መንገዱ ተከፈተ ሲባል አላንቀላፋሁም። የአጃ ዱቄት፣ የተነጠረ ቅቤ ቋጠርኩና ወጣሁ።

በባጃጅ የወሰደኝ ሙሉቀን የሚባል የሰፈራችን ጎረምሳ ነው። ጋፋት ስንደርስ አቆመ።

«እማማ፣ ከዚህ ወዲያ ጭቃው ጎማዬን ይውጠዋል።»

«ፈራሁ አትልም!»

«እኔስ ለባጃጇ ነው። እርስዎ ግን በዚህ ጉም ብቻዎን ሊሄዱ ነው? አይፈሩም?»

«እኔን ያየ ይፍራ እንጂ!»

ሳቀ። ስልኬን ዝናብ እንዳይነካው ቋጠሮው ውስጥ ከተትኩ፣ ቋጠሮዬን አዘልኩ፣ መንገዴን ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያገኘሁት በሬዎቹን የሚነዳ ገበሬ ነው።

«እንደምን ዋልህ ወንድሜ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን ዋሉ እናቴ! በዚህ ጉም ወዴት ነው?»

«አራስ ጥየቃ!»

«እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት!»

ይህን ሰው ያነሣሁት በደህና ሰላምታ የመለሰልኝ የመጨረሻው እሱ ስለነበረ ነው።

ጉሙ ወፈረ። ትንሽ እንደሄድኩ ብቻውን የቆመ የሣር ቤት አገኘሁ። በዚያ መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ያን ቤት ግን አላስታውሰውም። ዓይኔ ደክሟል፣ ጉሙም ነው አልኩ።

የምሳ ሰዓት ነው። ከክዳኑ ላይ ጭስ አይወጣም።

ውሻም አልጮኸም።

እኔ እንደ ደንቤ፣ «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ!» አልኩ።

ዝም...

ልሄድ እግሬን ሳነሣ፣ ከኋላዬ፣ በጣም ቅርብ ሆኖ...

«ብቻዎን ነዎት?»

ዘወር ስል አንዲት ሴት ቆማለች። በልጄ ዕድሜ። ባዶ እጇን ናት፤ ነጠላ እንኳ አልደረበችም። ፊቷን ንገሪን ብትሉኝ አልችልም። ያኔ እያየኋትም፣ ዓይኔን ከእሷ ላይ ሳነሣ መልኳ ይጠፋብኝ ነበር።

«ብቻዬን ነኝ ልጄ። አላፊ ነኝ።»

«ትንሽ ልሸኝዎ።»

«ኧረ ምን በወጣሽ! ከቤትሽ አልገባሁ፣ ውኃሽን አልቀመስኩ...»

«ትንሽ ብቻ። እስከዚያ ዛፍ።»

የእኛን አገር የሽኝት ወግ ለማታውቁት ልንገራችሁ። እንግዳ ሲሄድ ባለቤት ተነሥቶ ይሸኛል፤ እስከ ወንዙ፣ እስከ ጋራው። እንግዳው «ይብቃዎት፣ ይመለሱ» እስኪል ሸኚ አይመለስም። የሚሸኘው ግን ገብቶ የተቀመጠ፣ እህል ውኃ የቀመሰ ነው። ያላስተናገደ ሰው አይሸኝም።

ያልገባሁበት ቤት ስለምን ይሸኘኛል?

ያኔ ይህን አላሰብኩም። ጉሙን አየሁ... ሴት መሆኗን አየሁ... ልቤ አረፈ። ሴት ከሴት ጋር ብትሄድ ምን ክፋት አለው አልኩ።

«በይ ቀደም በይ» አልኳት።

«አሁን ከኋላ ይሻለኛል።»

ሄድን። ጭቃው ከእኔ እግር ሥር ጧ ጧ ይላል። የእሷ አይሰማም። የለችም ብዬ ዞር ስል... አለች። እዚያው ትከሻዬ ሥር።

ዛፉ ዘንድ ስንደርስ፣ «ይብቃሽ ልጄ፣ ተመለሺ። እግርሽን እሾህ አይንካው» ብዬ መረቅኋት።

«እስከ ወራጅ ውኃው ልሸኝዎ» አለች። «ቋጠሮዎን ያምጡ።»

ልጅ የሆነ ሰው «ሸክምዎን ልቀበል» ሲል እምቢ አይባልም። መናቅ ነው። ደግሞም ትከሻዬን ከብዶኝ ነበር።

ሰጠኋት።

እፎይ አልኩ፣ ልጆቼ። እፎይ ነው ያልኩት።

ከማዶ ሁለት ሴቶች ከወፍጮ ዱቄት ተሸክመው ብቅ አሉ። ቀድሜ፣ «እንደምን ዋላችሁ እህቶቼ!» አልኩ።

አልመለሱም።

አንደኛዋ በእኔ ላይ አሻግራ እሷን አየቻት። «እህቴ፣ ከብዶሻል መሰል፤ እናግዝሽ?»

«አልከበደኝም። እግዜር ይስጥልኝ።»

አለፉ። የአንደኛዋ ክንድ ሊነካኝ ለጥቂት ቀረው፤ ገለል ግን አላለችም።

«ምን ሆነዋል እነዚህ? ሰላምታ አይመልሱም እንዴ?» አልኩ።

«አልሰሙዎትም።»

«ከአፍንጫቸው ሥር ነው እኮ የጮህኩት!»

«አልሰሙዎትም» አለችኝ ደግማ... በሹክሹክታ።

በእኛ አገር ሰው ደመኛውን እንኳ «እንደምን ዋልህ» ቢለው አጉረምርሞም ቢሆን ይመልስለታል። ሰላምታ መነፈግ እንዴት እንደሚበርድ እስከዚያን ቀን አላውቅም ነበር።

ወራጁ ውኃ ደረስን። «ይብቃሽ፣ ተመለሺ» አልኩ፤ አሁንስ ድምፄ ጠንከር ብሏል።

«እስከ ዳገቱ። ስምዎን ማን ልበል?»

«ዘነበች።»

«እኔም ዘነበች ነኝ።»

ሞክሼ! እኔ ሞኟ፣ ፍርሃቴን ሁሉ ረስቼ ደስ አለኝ። «ሞክሼ ነና! ማን አወጣልሽ?»

«እናቴ። የተወለድኩ ቀን በረዶ ጥሎ የጎረቤት ጥጃ ገድሎ ነበር።»

ቆምኩ።

የእኔን ስም ያወጣችልኝ እናቴ ናት። የተወለድኩ ቀን በረዶ ጥሎ ነበር። የጎረቤታችንን ጥጃ ገድሏል።

ይህን ለባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም። ምን ወሬ ነው ብዬ ልንገረው?

«የልጅዎስ ስም?» አለችኝ።

ልንገራት አልፈለግሁም። አፌ ግን፣ «ሠናይት» አለ።

«ሠናይት...» አለች ቀስ ብላ፣ ቃሉን እንደምትቀምስ። «ሠናይት... ልጄ ሠናይት...»

ካፊያ ጀመረ። «ነጠላዎ ርሷል፣ ልጭመቅልዎ» ብላ ከትከሻዬ ላይ ሳበችው። አልሰጠኋትም። ግን አልከለከልኋትም። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጨመቀችውና... ራሷ ደረበችው። ልክ እኔ እንደምደርበው፣ ጥለቱን በግራ ትከሻ ጥላ።

ከዚያ ወዲያ ከፊቴ ሆነች።

እንዴት እንደቀደመችኝ አላየሁም። እኔ ከኋላ፣ እሷ ከፊት። ጧ ጧ የሚለው አሁን የእሷ እግር ነው።

የእኔ አይሰማም።

ያኔ ቋጠሮው ውስጥ ስልኬ ጮኸ።

«ስልኬን! ስልኬን ስጪኝ!» ብዬ ተንደረደርኩ። እሮጣለሁ፤ እሷ ትራመዳለች፤ ግን አልደርስባትም። ስልኩን አወጣችና ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«አቤት ልጄ» አለች።

ድምፁ የእኔ ነው።

ሳሉ የእኔ ነው። ትንፋሹ የእኔ ነው። ሠናይትን ስጠራት «ልጄ» ላይ የምጎትተው ነገር አለኝ... እሱም ራሱ የእኔ ነው።

«ደርሻለሁ፣ ዳገቱ ሥር ነኝ... አይ፣ ማንም የለም። ብቻዬን ነኝ።»

«ሠናይት! ልጄ! እኔ አይደለሁም!» ብዬ ጮህኩ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። ከስልኩ ውስጥ የልጄ ሳቅ ይሰማኛል። የእኔ ጩኸት ግን እሷ ዘንድ አልደረሰም።

እዚህ ላይ «እማማ፣ ለምን ሮጠው አልተመለሱም?» ትሉኝ ይሆናል።

ብመለስ... እሷ ልጄ ዘንድ ብቻዋን ትደርሳለች። የእኔን ነጠላ ደርባ፣ በእኔ ድምፅ፣ በእኔ ስም። አራሷ ልጄ ዘንድ፣ ክርስትና ያልተነሣው ሕፃን ዘንድ።

ስለዚህ ተከተልኳት። ሌላ ምን አቅም አለኝ?

ዳገቱ ላይ አንድ ቄስ መጡ። ጃንጥላቸውን ዘርግተዋል።  ከፊታቸው ተደፍቼ፣ «አባ ይፍቱኝ! አባ፣ ያድኑኝ!» አልኩ።

በላዬ ላይ መስቀላቸውን ወደ እሷ ዘረጉ።

«እማማ፣ በዚህ ጉም ብቻዎን ነዎት?» አሏት።

እማማ ነው ያሏት። ቅድም ልጅ እግር የነበረችውን።

«ብቻዬን ነኝ አባ።»

ጎንበስ አለች። የሳመችው ግን መስቀሉን አይደለም። በመስቀሉና በአፏ መካከል የነጠላዬን ጥለት አስገብታ እሱን ሳመች። አባ አላስተዋሉም። «እግዚአብሔር ይፍታ» ብለው አለፉ። እኔ ከእግራቸው ሥር ጭቃ ላይ ተደፍቼ ቀረሁ።

ደረስን።

የአማቼ የመልካሙ ውሻ ክፉ ነው፤ እኔን እንኳ ሁልጊዜ ካልተያዘ አያስገባኝም። ያን ቀን አልጮኸም። እሷን አይቶ ጭራውን እግሮቹ መሃል ከትቶ ከእንጨት ክምሩ ኋላ ገባ። መልካሙ ሮጦ መጥቶ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ።

«እማማ! እንኳን ደህና መጡ! ሠናይት ስትጨነቅ ነው የዋለችው።»

እኔ ከአጥሩ በር ላይ ቆሜያለሁ። ልግባ እላለሁ፤ እግሬ አይራመድም። በሩ ክፍት ነው። ማንም አልያዘኝም። አይራመድም።

የመልካሙ እናት እመት አመተማርያም ከደጃፍ ወጡ። ብልህ ሴት ናቸው። «እመት ዘነበች፣ ደህና መጡ። ከመንገድ ነውና ላብዎ እስኪደርቅ እዚህ ደጅ አረፍ ይበሉ፤ ከዚያ አራሷ ዘንድ ይገባሉ።»

ወጉ ነው። እኔ ብሆን ራሴ እቀመጥ ነበር።

እሷ አልተቀመጠችም። ወደ ቤቱ ውስጥ አየችና፣ «ያን ማጭድ ከራስጌዋ አንሡልኝ» አለች።

እመት አመተማርያም ፈዘዝ አሉ። «ብረቱን?»

«ሕፃኑን ይወጋዋል።»

ከውስጥ የሠናይት ድምፅ መጣ፤ እየሳቀች። «እማዬ ደግሞ! በስልክ ብረት እንዳይለይሽ እያልሽ ስታሰለቺኝ የከረምሽው አንቺ አይደለሽ?»

«አሁንማ እኔ መጥቻለሁ ልጄ። እናትሽ እያለሁ ብረት ምን ያደርግልሻል?»

«አታንሡ!» አልኩ። «እመት አመተማርያም! በልጅዎ ይሁንብዎ፣ አታንሡ!» አጥሩን ይዤ ነቀነቅሁት። አጥሩ አልተነቃነቀም። «ሠናይት! እኔ እዚህ ነኝ! እዩኝ!»

እመት አመተማርያም አንድ ጊዜ ወደ እኔ በኩል ቀና አሉ። ያዩኝ መሰለኝ።

ጉሙን ነው ያዩት። «ዛሬስ አልገለጥም አለ» አሉና ገብተው ማጭዱን አንሥተው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

እሷ ገባች።

በሩ ወደ አጥሩ ትይዩ ነውና ሁሉም ይታየኛል። ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ሠናይት ሕፃኑን አንሥታ ሰጠቻት። ልጄ፣ በገዛ እጇ፣ ልጇን...

እኔ ገና አላቀፍኩትም ነበር። ሽታውን እንኳ አላውቀውም።

እሷ ሕፃኑ ላይ ጎንበስ ብላ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ረጅም ነገር ነው። ምን እንደሆነ አልሰማሁም። ሕፃኑ ማልቀሱን ድንገት አቆመ።

ከዚያ ቀና ብላ ወደ በሩ ዞራ አየችኝ። ቀኑን ሙሉ በደንብ ያየችኝ ያኔ ነው። እጇን አነሣች፣ እንግዳ ሸኚውን ሲያሰናብት እንደሚያነሣው። ከሩቅ ብትሆንም ሹክሹክታዋ ጆሮዬ ሥር ነው።

«ይብቃዎት... ይመለሱ።»

እግሬ ዞረ።

እኔ አላዞርኩትም። በራሱ ዞረ። ከልጄ ደጅ፣ ከልጅ ልጄ ደጅ፣ ሸኝታ እንደጨረሰች ባዕድ ሴት ተመለስኩ። ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ጉሙ መራመድ ጀመርኩ። አለቅሳለሁ፤ እንባዬ ጉንጬ ላይ አይሞቅም። በውስጤ የማርያምን ስም ለመጥራት እሞክራለሁ፤ የእኔን ስም ራሱ ለማስታወስ ይቸግረኛል። ዘ... ዘ... ከዚያ ወዲያ የለም።

ወዴት እንደምሄድ አውቄዋለሁ። ጭስ ወደሌለው ቤት ነው።

ከአጥሩ ጥግ ግን አንድ የሰው ድምፅ መጣ።

ማሩ ነው። ማሩ የመንደሩ ሰካራም ነው፤ የሥላሴን ዝክር ትናንት ጀምሮ ዛሬም አልጨረሰም። ሲጠጣ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ይላል። የመለሰለትን ሰው ደግሞ እስኪመሽ አይለቀውም፤ ስለዚህ ማንም አይመልስለትም።

«አጥሩ! እንደምን ዋልህ!» ይላል እየተንገዳገደ። «ግራሩ፣ አንተስ እንደምን ዋልህ! ድንጋይ ሆይ... ዛሬም እዚሁ ነህ? አንተ ሰነፍ!»

ከእኔ ፊት ደረሰ። ቆመ።

«እማማ፣ እርስዎስ እንደምን ዋሉ!»

አይቶኝ ይሁን ግንድ መስዬው፣ ዛሬም አላውቅም። እኔ ግን ያለኝን ትንፋሽ ሁሉ አሰባስቤ፣ «እግዚአብሔር... ይመስገን...» አልኩ።

ድምፄ ወጣ።

ውሻው ከእንጨት ክምሩ ኋላ ተወርውሮ ወጥቶ እኔ ላይ ጮኸ። ልጆቼ፣ የውሻ ጩኸት እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

«እሰይ!» አለ ማሩ። «ሰላምታ የሚመልስ ሰው በአገሩ ተገኘ! ምነው እማማ፣ በዚህ ብርድ ነጠላዎስ?»

ክንዱን ጨምድጄ ያዝኩት። «አትልቀቀኝ። ቤት አግባኝ። አትልቀቀኝ ማሩ።»

«ኧረ እንያያዝ! እርስዎም ቀምሰዋል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እሱ በእኔ፣ እኔ በእሱ ተደግፈን በአጥሩ በር ገባን።

ቤት ውስጥ... ማንም የለም። ማለቴ እሷ የለችም። ቋጠሮዬ መደቡ ላይ ነው። ነጠላዬ ታጥፎ ከላዩ ተቀምጧል። ሕፃኑ ከአልጋው ላይ ለብቻው ተኝቶ ጣሪያውን ያያል።

ሠናይት ቀና አለች። «እማዬ፣ አሁን ጉሙን አይቼ ልምጣ ብለሽ ወጣሽ። ፀጉርሽ እንዲህ የበሰበሰው በየት ዞረሽ ነው?»

እመት አመተማርያም ጭቃ የበላውን ቀሚሴን አዩ፣ እግሬን አዩ። ከዚያ ማጭዱን ከግድግዳው አወረዱና ራስጌዋ መለሱት።  እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

ለሠናይትም አልነገርኳት። አራስን እንዲህ ያለ ነገር ማን ይነግራል? «ልጅሽን ለማን እንደሰጠሽ አታውቂም» ልበላት?

ሕፃኑ ክርስትና ተነሥቷል። ጤነኛ ነው፣ ይስቃል። በጆሮው የተነገረውን ነገር እሱ እንደሆን አፍ አውጥቶ አይነግረኝም። አንዳንዴ አፍ ሲፈታ የመጀመሪያው ቃል ምን ይሆን እያልኩ እፈራለሁ።

ይህን ሁሉ ቆልፌው ልሞት ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን መልካሙ ጥየቃ መጥቶ ስልኩን ከፈተ።

«እማማ፣ የዚያን ቀን ሕፃኑን ታቅፈው ሳያውቁ ያነሣሁዎት ፎቶ አለ። ይዩት እስቲ።»

አየሁት።

አልጋው ጫፍ ላይ ነጠላዬን የደረበች ሴት ሕፃኑ ላይ አቀርቅራ ተቀምጣለች። ፊቷ አይታይም። ከጀርባዋ በሩ ክፍት ነው። በበሩ አሻግሮ አጥሩ ይታያል።

ከአጥሩ ውጭ እኔ አለሁ። ራሴን ገልጬ፣ ባዶ እጄን፣ አፌን ከፍቼ ስጮህ።

ብቻዬን አይደለሁም።

ከእኔ ቀጥላ አንዲት ሴት አለች። ከእሷ ቀጥላ ሌላ። ከዚያ ሌላ... አጥሩን ይዘው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው፣ ጉሙ እስኪውጣቸው ድረስ። ልጅ እግር አለች፣ ሽማግሌ አለች። በድሮ ቀሚስ ያለች አለች፣ የተማሪ ዩኒፎርም የለበሰች አለች። አንዷም ነጠላ የላትም። አንዷም ቋጠሮ የላትም። ሁሉም አፋቸውን ከፍተዋል... ሁሉም ወደ ቤቱ ይጣራሉ።

ያን ቀን ከጎኔ አንድም ሰው አልነበረም። አንድም ድምፅ አልሰማሁም።

«ጥሩ ወጥቷል አይደል?» አለኝ መልካሙ። «ጉሙ ብቻ አበላሸው እንጂ።»

ለእሱ አይታዩትም።

ልጆቼ፣ ፈርታችሁ ከመንገድ ቅሩ አልላችሁም። ሂዱ። ብቻችሁንም ቢሆን ሂዱ፤ መንገዱ የእናንተም ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። በየሰፈራችሁ «መንገድ ወጥታ ቀረች» የምትባል አንዲት ሴት አትጠፋም። እናታችሁን ጠይቁ፣ ጎረቤት ጠይቁ፣ ስሟን ይነግሯችኋል። ስታገኙት አንድ ጊዜ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ጥሩላት።

እሷ ራሷ ረስታው ይሆናል። እናንተ አስታውሱላት... አደራ።